በሙከራ ጊዜ ድንገት የተሰናበተ የስፖርት ሪፖርተር (ደሴ)፦ 60 ቀኑ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

ጦሳ ስር
ሰላም ለቤቱ። የአንድ ሪፖርተር ጉዳይ ነው። የሰውየውም የጋዜጣውም ስም ይቅርና ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ።

ጋዜጣው የግል ነው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይወጣል፤ ዋና ቢሮው አዲስ አበባ ነው። ሪፖርተሩ ደሴ ተቀምጦ የደሴን፣ የኮምቦልቻንና የወልዲያን ስፖርት እንዲዘግብ ተቀጠረ። ውሉ በጽሑፍ ነው፣ ሁለቱም ወገኖች ፈርመውበታል። ሥራ የጀመረው ሰኞ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ነው። ደመወዙ 12,000 ብር። ውሉ «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ይላል። ዓርብ መጋቢት 4 ከሰዓት በኋላ አዘጋጁ ደወለና «የሙከራ ጊዜህን አላለፍክም፣ ከነገ ጀምሮ አትልፋ» አለው። እስካሁን ደብዳቤ የለም። በስልክ የተነገረው ምክንያት ሁለት ነው፤ አንድ ዘገባ ላይ የግብ አግቢው ስም ተሳስቶ ወጥቷል፣ አንድ የክለብ አመራርም ደውሎ ተቆጥቷል።

ከሕግም ከጋዜጣ ሥራም በኩል የምታውቁ ንገሩን። የሚይዘው ነገር አለ ወይስ ጊዜውን ነው የሚያጠፋው?

የሆጤው
የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው። አልፏል። ከስሶ ይመለስ፣ አለቀ።

ሸዋ በር
እኔ ደግሞ የማውቀው በሙከራ ጊዜ ያለ ሠራተኛን ያለ ምንም ምክንያት ማባረር እንደሚቻል ነው። ውሉ 3 ወር ካለ 3 ወር ነው፤ ፈርሟል።

ቦርከና
ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። የሆጤው ወንድሜ፣ 45 ቀኑ የድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው። እሱ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተሽሯል። አሁን አንቀጽ 11 የሚለው «ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም» ነው። «የሥራ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ሠራተኛው 60 ቀንን ሁለት ወር ያደርገዋል፣ አሠሪው ደግሞ አጠጋግቶ ሦስት ወር ብሎ ይጽፋል፤ ሁለቱም ስህተት ነው።

ሸዋ በር፣ መፈረሙ አያድነውም። የሥራ ውል በሕጉ ከተቀመጠው ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው ሊሰጥ አይችልም። ስለዚህ «3 ወር» የተባለው ውስጥ ከ60 የሥራ ቀን የሚተርፈው ክፍል እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ውሉ ራሱ ግን አይፈርስም። «ያለ ምንም ምክንያት» ያልከውም ልክ አይደለም፤ ሕጉ የሚለው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ይችላል ነው። በተግባር ግን ተስማሚነቱን የሚመዝነው አሠሪው ስለሆነ በሙከራ ውስጥ ያለ ሰው ክርክሩ ጠባብ ነው፤ ይሄን አልክድም።

ለዚህ ነው ከምክንያቱ በፊት ቀኑ መቆጠር ያለበት። ከ60ኛው የሥራ ቀን በኋላ አንድ ቀን ሠርቶ ከሆነ፣ ውሉ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እንደ መደበኛ ውል ይቆጠራል። ያኔ ስለ ግብ አግቢው ስም የሚደረገው ክርክር መልኩ ይቀየራል።

በሳምንት 6 ቀን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራ ከሆነ ልቁጠርላችሁ። ከታኅሣሥ 20 ተነስተን 10 ሙሉ ሳምንት ስንሄድ ቅዳሜ የካቲት 28 ላይ እንደርሳለን፤ ያ 60 ቀን ነበር። ከውስጡ ግን ገና (ታኅሣሥ 29)፣ ጥምቀት (ጥር 11) እና አድዋ (የካቲት 23) ይወጣሉ፤ ሦስቱም በሥራ ቀን ላይ ውለዋል። 57 ቀረ። ሰኞ የካቲት 30 58ኛ፣ ማክሰኞ መጋቢት 1 59ኛ፣ ረቡዕ መጋቢት 2 60ኛ። ሐሙስ መጋቢት 3 ከሠራ ሙከራው አብቅቷል።

በሳምንት 5 ቀን ከሆነ ግን ወደ መጋቢት አጋማሽ ይገፋል፣ ኢድም ይገባበታል። ያኔ መጋቢት 4 ገና ሙከራ ውስጥ ነው።

ጦሳ ስር፣ ሁለት ነገር ንገረን። ውሉ ስለ ሥራ ቀን ምን ይላል? ሰውየው በተግባር የትኞቹን ቀናት ነበር የሚሠራው?

ቧንቧ ውሃ
ሰውየው ሠራተኛ ነው ወይስ በጽሑፍ የሚከፈለው ፍሪላንስ? ደሴ ያሉት አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ጋዜጦች ወኪሎች በጽሑፍ ነው የሚከፈላቸው።

ጦሳ ስር
ወርሃዊ ደመወዝ ነው፣ የገቢ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ እየተቆረጠ በባንክ ይገባለታል። ሥራ የሚታዘዘው በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ውሉ «በሳምንት 6 ቀን፣ 48 ሰዓት» ይላል፤ የትኞቹ ቀናት እንደሆኑ አይልም። በተግባር የስፖርት ክፍሉ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ይሠራል፣ ሰኞ ዕረፍት ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ ሰኞ ግን ሥራ ተረክቦ የዋለባት ስለሆነች የሥራ ቀን ናት።

ቦርከና
ታዲያ ይሄማ ከመጀመሪያው ልታወራው የሚገባ ነገር ነበር፣ አቦ!

ጥምቀትም አድዋም ዘንድሮ ሰኞ ነው የዋሉት። ሰኞ ለእሱ ዕረፍት ከሆነ ከሥራ ቀኑ ላይ የሚቀንሱት ነገር የለም፤ የሚቀነሰው ረቡዕ የዋለው ገና ብቻ ነው። እንደገና ስንቆጥር፦ ታኅሣሥ 20 አንድ። እስከ እሑድ ታኅሣሥ 26 ሰባት። የገና ሳምንት አምስት፣ ድምር 12። ከዚያ ስምንት ሳምንት በስድስት ስድስት 48። 60ኛው ቀን እሑድ የካቲት 29 ላይ ይውላል። ከማክሰኞ መጋቢት 1 ጀምሮ የሠራው ሁሉ ከሙከራ ውጭ ነው፤ ሲደወልለት አራተኛ ቀኑ ነበር።

አሠሪው የሚያነሳውን መከራከሪያም ልንገርህ። «እኛ የቢሮ ሰዓታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው» ይላል። ለዚህ መልሱ ውሉ ላይ ያለው «6 ቀን» እና የቴሌግራም ትእዛዞቹ ናቸው። ቅዳሜና እሑድ የወጡ ትእዛዞችን ከነቀናቸው ለቅሞ በወረቀት ያትም፣ ስልኩን ደግሞ አይቀይር፣ ቡድኑንም ራሱ ለቅቆ አይውጣ። ከቡድኑ ሊያስወጡት ስለሚችሉ ዛሬውኑ ያስቀምጠው።

ለቧንቧ ውሃ፦ ጥያቄህ ጥሩ ነበር። በራሱ ሰዓትና በራሱ መሣሪያ እየሠራ በጽሑፍ ብዛት የሚከፈለው ሰው «ሠራተኛ አይደለህም» ተብሎ ከበር ሊመለስ ይችላል። ይሄኛው ግን ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ የዕለት ትእዛዝ አለው። የክፍል አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ «የሥራ መሪ ነው፣ አዋጁ አይመለከተውም» የሚል ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር። በመንግሥት ሠራተኛነት የተቀጠረ ጋዜጠኛም ሌላ ሕግ ነው ያለው፤ በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሙከራው ስድስት ወር ሆኖ ውጤቱ ዝቅ ካለ በሦስት ወር ይራዘም ነበር። ያንን እዚህ እንዳታመጡት።

የመርሳዋ
የሕጉን ለቦርከና ትቼ ስለ ስህተቱ ልናገር። የስፖርት ዴስክ ለሚያውቅ ሰው የግብ አግቢ ስም መሳሳት ቀላል ነው ማለት አይቻልም፣ ግን ከየት እንደመጣ ሳይጣራ «ብቁ አይደለህም» የሚባልበትም አይደለም።

የከፍተኛ ሊግ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ነው የሚጫወቱት። ደሴ የተቀመጠ ሪፖርተር የደሴን ቡድን በአብዛኛው የሚከታተለው በስልክ ነው ማለት ነው። ሜዳ ዳር ያለ ሰው «ሰይድ አገባ» ይለዋል። በወሎ ቡድን አሰላለፍ ውስጥ ሰይድ፣ አህመድና መሐመድ ሳይደጋገሙ ያየ እጁን ያውጣ! የአባት ስምና የመለያ ቁጥር ካልተጠየቀ ስህተቱ መምጣቱ አይቀርም። ትክክለኛው አካሄድ ከጨዋታው በፊት የ11ዱንና የተቀያሪዎቹን ዝርዝር ፎቶ ከቡድን መሪው መቀበል፣ ከጨዋታው በኋላ ደግሞ አግቢና ደቂቃን ከሁለተኛ ሰው፣ ቢቻል የጨዋታውን ኮሚሽነር ሪፖርት ካየ ሰው ማመሳከር ነው። ሁለቱም የአንድ ክለብ ሰዎች ከሆኑ ሁለት ምንጭ አይባልም።

ደቂቃም እንዲሁ። በመጀመሪያው አጋማሽ ጭማሪ ሰዓት የገባ ግብ 45+2 ነው። የሚደውለው ሰው በእጅ ሰዓቱ «በ47ኛው» ይላል፣ ሪፖርተሩ እንዳለ ይጽፈዋል፣ አንባቢው ከዕረፍት መልስ የገባ ይመስለዋል። ተቀይሮ የገባ ተጫዋች ግብ ሲያገባ ደግሞ የወጣው ሰው ስም ይጻፋል፤ ቅያሬውን የመዘገበ ስለሌለ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሪፖርተሩ የላከውን ጽሑፍና ጋዜጣው ላይ የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዴስክ ላይ ነው። ጽሑፉ ረዝሞ ገጹ ስለማይበቃ አራሚው የአባት ስም ይቆርጣል፣ ወይም ርዕስ የሚያወጣው ሰው ከፌስቡክ ያየውን ስም ያስገባል። የላከው ፋይል ቴሌግራም ላይ ከነሰዓቱ አለ። ልክ አድርጎ ልኮ ከሆነ ስህተቱ የሌላ ሰው ነው። ተሳስቶ ልኮ ከሆነም በሚቀጥለው ዕትም እርማት ወጥቷል ወይ? በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ስንት እርማት ወጣበት? አንድ ከሆነ «ተስማሚ አይደለም» ለማለት ቀጭን ነው። አምስት ከሆነ ግን እኔም አዘጋጁ ጎን ነኝ።

ሸዋ በር
የክለቡ አመራር ስልክስ? ከተማው ትንሽ ነው፤ የሚያበላሸው እሱ ይመስለኛል።

የመርሳዋ
ይመስላል፣ ግን ለክርክር ብዙ አይጠቅምም። አመራሩ ደውሎ የተቆጣው ስለተሳሳተው ስም ከሆነ ቅሬታ ነው፤ ስለ ደመወዝ መዘግየት ስለተጻፈ እውነተኛ ዜና ከሆነ ግን ጫና ነው፤ ሁለቱ ይለያያሉ። የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ይለይ። እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለክርክሩ ብሎ የዜና ምንጩን ስም አሳልፎ እንዳይሰጥ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ (1238/2013) ለምንጭ ጥበቃ ይሰጣል፤ የቴሌግራም ንግግሮቹን ሲያትም የምንጭ ስምና ስልክ ያለበትን ይሸፍን።

ቦርከና
ትክክል ናት። አንቀጽ 26 ለማሰናበት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል፤ የማኅበር አባልነት፣ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ጾታ፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ እርግዝና፣ የአካል ጉዳትና የመሳሰሉት። በሙከራ ጊዜም ቢሆን እነዚህ ይሠራሉ። የክለብ አመራር ቁጣ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የእሱ ጉልበት ቀኑ ላይ ነው እንጂ እዚህ ላይ አይደለም። ሙከራው ካለፈ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት አሠሪው በአንቀጽ 27 ካሉት ምክንያቶች አንዱን ማሳየት፣ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለበት። የስልክ ስንብት እዚያ ላይ ይወድቃል።

ሐረጎ ቁልቁለት
የሒሳብ ሰው የለም መሰለኝ፤ ብሩን ላውጣው። በመጀመሪያ በሙከራ ውስጥ ነው ብለን ብናምን እንኳ የሚከፈለውን።

እስከ መጋቢት 4 የሠራበት ደመወዝ አለ። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ላልተሟላ ዓመት በተመጣጣኝ ይታሰባል፤ ለሁለት ወር ተኩል 3.3 ቀን ገደማ። 12,000ን በ26 የሥራ ቀን ስናካፍል 461.54 ብር፣ በ3.3 ሲባዛ 1,523 ብር አካባቢ። ሰዎች «ሙከራ ላይ ነበርክ» ተብለው ይቺን ይተዋታል፤ አትተው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ ሕግ ወይም ደንብ ካልለየው በስተቀር፣ ካለፈው ጋር እኩል መብት አለው።

ትርፍ ሰዓት ለስፖርት ጋዜጠኛ ዋናው ነው። የሰዓት ደመወዙ 12,000 ለ208 ሲካፈል 57.69 ነው። በአዋጁ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው 1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 ይባዛል። ለምሳሌ ሰኞ ዕለት ታዞ ወልዲያ ወርዶ 5 ሰዓት ቢሠራ 576.90 ብር። ጥምቀት ዕለት 4 ሰዓት በትርፍ ሰዓትነት ቢታዘዝም ያው 576.90። እሑድን ግን እንዳትቆጥሩ፤ ለእሱ እሑድ መደበኛ የሥራ ቀን ነው። ይቺ ስህተት ብዙ ክስ ታበላሻለች፤ ጠበቃው እሑድን ሁሉ በእጥፍ አስልቶ ሲገባ ተከራካሪው «ሰኞ ያርፋል» ብሎ ያፈርሰዋል፣ ከዚያ ሌላውም ቁጥር ይጠረጠራል። በዚያ ላይ 60ውን ቀን ስትቆጥሩ እሑድን የሥራ ቀን አድርጋችሁ፣ ትርፍ ሰዓት ስታሰሉ ዕረፍት ማድረግ አትችሉም።

ትርፍ ሰዓት በአሠሪው መታዘዝ አለበት። ሪፖርተሩ በራሱ ፍላጎት ሜዳ ገብቶ ያመሸው አይቆጠርም።

አሁን ደግሞ ሙከራው አልፏል ተብሎ ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ። ወደ ሥራ የማይመለስ ከሆነ ካሳው የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ነው፤ ቀኑን በ30 ብናሰላው 400 ብር በ180፣ 72,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ሙከራ ጨርሶ አንድ ዓመት ላልሞላው አንድ ወር፣ 12,000። የስንብት ክፍያ ለአንድ ዓመት 30 ቀን ስለሆነ በተመጣጣኝ 6.25 ቀን፣ 2,500። በአራት ቀን ልዩነት የሚመጣውን ተመልከቱ።

የሆጤው
ወላሂ በአራት ቀን! እኔ 45 ብዬ ተሳስቼ ስሙን ላጠፋው ነበር።

ሸዋ በር
እሺ ቁጥሩ ገብቶኛል። ግን ይሄ ወረቀት ላይ ነው። ሳምንታዊ ጋዜጣ ወረቀት ሲወደድ ገጽ የሚቀንስ ቤት ነው፤ 86,500 ብር ከየት ያመጣል? ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ደመወዙንና የዕረፍቱን ተቀብሎ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዞ ሌላ ቢፈልግ አይሻልም? የጋዜጠኛው መንደር ጠባብ ነው፣ «ከሳሽ» የሚል ስም ይወጣለታል።

ቦርከና
ሐሳብህ ከንቱ አይደለም። ለዚህ ነው ክስ ከመክፈት በፊት አንድ ደብዳቤ የሚጻፈው። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የውሉ ቀን፣ የሥራ ቀናቱ ቆጠራ፣ 60ኛው ቀን የካቲት 29 መሆኑ፣ መጋቢት 4 በስልክ መሰናበቱ፣ የሚጠይቀው ክፍያ። ቁጣ አይጨመርበት። ብዙ አሠሪ ያን ቆጠራ ሲያይ ሒሳብ ክፍሉን ጠርቶ ይነጋገራል፤ ሦስት ወር ብሎ የጻፈው ሆን ብሎ ሳይሆን ከሌላ ውል ገልብጦ ነውና። በሁለት ወር ደመወዝ የሚያልቅ ድርድር ከመጣ መቀበልና አለመቀበል የራሱ ነው።

ክፍያ በሚመለከት ሕጉ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል። የተካካዱበት ካለ ያልተካካዱበት ይከፈላል፣ ለሌላው ይከራከራሉ። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ቅጣት ሊወሰንበት ይችላል። ግን ተጠንቀቁ፦ የድርጅቱን ንብረት ያልመለሰ ሠራተኛ ይቺን መከራከሪያ ያጣል። ካሜራ፣ መቅረጫ፣ የጋዜጣው መታወቂያና ባጅ ካለ በአስቸኳይ አስረክቦ የርክክብ ቅጽ ላይ የመለያ ቁጥሩን አስጽፎ ኮፒ ይያዝ። ቢሮው አዲስ አበባ ስለሆነ በመኪና ልኮ «ደርሷል» በሚል ቃል አይመን።

ላፕቶፕ የድርጅቱ ከሆነ የራሱን የግል ፋይል ይቅዳ እንጂ ተናዶ የድርጅቱን አይደምስስ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ (958/2008) አለ፤ የሥራ ክርክሩ ወደ ሌላ ነገር ይዞራል።

ኩታበር
የሚፈርመው ወረቀት ላይ ልጨምር። ክሊራንስ ሲሰጡት ግርጌ ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ይኖራል። ሌላ ደግሞ «ለወደፊትህ እንዲያምርልህ በፈቃዴ ለቅቄአለሁ ብለህ ጻፍ» የሚሉ አሉ። ሁለተኛውን በጭራሽ። ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ስለሚችል ያቺ ወረቀት ክሱን ከሥሩ ትነቅለዋለች። የመጀመሪያውን ደግሞ ከፊርማው በላይ በእጁ «የክፍያና የስንብት ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ነው» ብሎ ይፈርም።

የሥራ ልምድ ማስረጃ መብት ነው፣ ችሮታ አይደለም። አንቀጽ 12 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ጽፎ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። ሦስቱ ይበቃሉ፤ «በሙከራ ጊዜው ባለማለፉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካስገቡበት እንዲወጣ ይጠይቅ። የወጡለትን ጽሑፎች ደግሞ ሙሉ ገጹን፣ ቀንና የዕትም ቁጥሩ እንዲታይ አድርጎ ስካን ያድርግ። ለቀጣይ ቅጥርም ይሆናል፣ የትኛው ቀን ይሠራ እንደነበርም ይመሰክራል።

ክሱ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሥራው የሚሠራው ደሴ ስለሆነ እዚሁ ይከፍታል፤ ጋዜጣው «ቢሮዬ አዲስ አበባ ነው» ብሎ የሥልጣን መቃወሚያ ሊያነሳ ስለሚችል ውሉ ውስጥ «የሥራ ቦታ፦ ደሴ» የሚለውን መስመር አስምሮ ያያይዝ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ የሚያወጣው ለጽሕፈት፣ ለኮፒና ለመጥሪያ ማድረሻ ነው። አቤቱታው ላይ «ወደ ሥራ ልመለስ፣ ይህ ካልሆነ ካሳ» ብሎ በአማራጭ ይጠይቅ እንጂ አንዱን ብቻ አይጻፍ። ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ በተግባር ግን መጥሪያው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ አንድ ሁለት ቀጠሮ ይበላል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካነሰው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትን የነጻ ሕግ ድጋፍ ይጠይቅ።

ይርጋውን፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበትን ቀነ ገደብ፣ አትርሱ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ከስንብቱ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን በ6 ወር ይታገዳል። ሦስት ወሩ ሐሙስ ሰኔ 4 ይሞላል። ድርድር ይርጋን ያቆማል ብሎ ማንም አያታልለው፤ «ነገ እንነጋገር» እየተባለ ያለፈበት ብዙ ነው። ግንቦት ሳያልቅ ይክፈት።

ጦሳ ስር
አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። አዲስ ነገር አለ። ዛሬ ደብዳቤው በመልእክተኛ መጣ። ቀኑ «የካቲት 27 ቀን 2018» ይላል። «የሙከራ ጊዜዎን ባለማጠናቀቅዎ» ነው የሚለው። ገና አልፈረመም፣ መልእክተኛው ከሰዓት ይመለሳል።

ሐረጎ ቁልቁለት
የካቲት 27 ዓርብ፤ በማክሰኞ–እሑድ ቆጠራ 58ኛው ቀን። አንድ ሰው ቆጥሮላቸዋል!

ቦርከና
አብሽር፣ ይሄ እንዲያውም ይጠቅመዋል። ደብዳቤውን ይቀበል፣ አልቀበልም አይበል። ግን የመልእክተኛው መዝገብ ላይ ሲፈርም የዛሬውን ቀንና ሰዓት በራሱ እጅ ይጻፍ፣ በደብዳቤው ኮፒም ላይ እንዲሁ። ከዚያ የወጪ ደብዳቤ ቁጥሩን ይይ። ቁጥሩ በመዝገብ ቤት በተርታ ነው የሚሰጠው፤ የካቲት 27 ወጣ የተባለው ደብዳቤ መጋቢት ውስጥ ከወጡት ቁጥሮች መሐል ከተገኘ ችሎቱ መዝገቡ ይቅረብ ብሎ ማዘዝ ይችላል።

የካቲት 27 ተሰናብቶ ከሆነ መጋቢት 1፣ 2፣ 3 እና 4 ማን አዘዘው? የቴሌግራም ትእዛዞቹ ከነሰዓታቸው፣ በመጋቢት 5 ዕትም በስሙ የወጣው ጽሑፍ፣ የመጋቢት 4ቱ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ እነዚህ አራቱን ቀናት ይሞላሉ። የየካቲት ደመወዝ ሙሉ ገብቶ ከሆነ የባንክ መግለጫውን ማኅተም አስደርጎ ያምጣ።

ኩታበር
ፖስታውንም እንዳይጥለው። የመልእክት ድርጅቱ ደረሰኝ ላይ የተላከበት ቀን አለ፤ ከደብዳቤው ጋር በስቴፕለር ያያይዘው።